ከላይ የገረጡት ቅጠሎች

ቨርና ሃልቨርሰን በሰፈራችን የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በሟች ባሏ በረስና በጓዳዋ በምታበቅለው ካናቢስ። ሁለቱን ለያይቶ የሚያስብ ሰው አልነበረም። እሷም ራሷ አትለያያቸውም። ረስ በሕይወት ሳለ ከከተማችን ከአርኬታ በስተምሥራቅ ባለው ተራራ ላይ፣ ከዛፎቹ መሀል ገለጥ ባለች መሬት ነበር የሚያበቅለው። ያኔ ነገሩ በድብቅ ነው። የፖሊስ ሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ ሰው ሁሉ ቁርሱን ትቶ ጫካ ይገባል። ኋላ ሕጉ ላላና የሐኪም ወረቀት የያዘ በሽተኛ ይጠቀም፣ የሚያበቅልለትም ሰው ይኑረው ተባለ። ረስ ግን ያን ዘመን ሳያጣጥመው ልቡ ከዳው። እንጨት ሲፈልጥ ቆይቶ ላንዳፍታ ልረፍ ብሎ እንደተቀመጠ አልተነሣም።

ቨርና የተራራውን ቤት ሸጣ ወደ ከተማ ወረደች። ከእኔ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ ያለውን፣ ጭጋግ ቀለሙን የላጠውን የእንጨት ቤት ገዛች። ጓዳው ውስጥ መብራት ሰቀለች፣ ማራገቢያ ገጠመች፣ ጥቁር ባልዲዎች ደረደረች። ለጥቂት በሽተኞች ታበቅላለች፤ ከዚያ አልፋ መነገድ አላማራትም። ረስ በሕይወት ሳለ ስለ ተክል የተናገረውን ሁሉ እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛው ነበር። ከሁሉም በላይ የምትደጋግመው «ቢጫ ቅጠል የራበው ቅጠል ነው» የሚለውን ነው።

እኔ የምሠራው አደባባዩ አጠገብ ባለው የአትክልተኞች ዕቃ መሸጫ ነው። አፈር፣ ባልዲ፣ መብራት፣ ማዳበሪያ እንሸጣለን። ያኔ ደንበኞቻችን ሁሉ የሚያበቅሉት ቲማቲም ነበር። በክረምት ይህን ሁሉ ቲማቲም ማን ይበላዋል ብለን አንጠይቅም። ቨርና ግን «ለካናቢሴ አፈር ስጠኝ» ብላ በግልጽ የምትናገር ብቸኛዋ ሰው ነበረች፤ ሌሎቹ ደንበኞች ይሽኮረመማሉ። ይህን የማወራው ግማሹን በዓይኔ ስላየሁት፣ ግማሹን ደግሞ ኋላ እሷው ራሷ ስለነገረችኝ ነው።

ክላይድ ባርገር የሚባል ሰው ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ መጋዝ ቤት የሠራ። ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ትልልቆቹን ግንዶች ወደ መጋዙ የሚመራው እሱ ነበር። ድሮ፣ ዛፉ ይቆረጥ አይቆረጥ ተብሎ አገሩ ለሁለት በተከፈለ ጊዜ፣ ረስና ጓደኞቹ ግንድ የጫኑ መኪኖች ፊት መንገድ ላይ ተኝተው ነበር። ክላይድ ደግሞ ከመኪኖቹ ከወረዱት ሰዎች አንዱ ነው። ሁለቱ በቡጢ ተቃመሱ። የክላይድ አፍንጫ ተጣመመ፣ የረስ አንድ ጥርስ ወለቀ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር ያያል።

ዕድሜው ገፍቶ ክላይድን የአንጀት ካንሰር ያዘው። በበሽታው ብቻ ሳይሆን በመድኃኒቱም ሆዱ አልረጋ አለው። የበላው ሁሉ ይወጣል። ሐኪሙ ካናቢስ ይሞክር ብሎ ወረቀት ጻፈለት። ክላይድ ግን በሽተኞች የሚገዙበት ቤት ሄዶ ፀጉራቸውን ካጎፈሩ ወጣቶች ጋር መሰለፍን ከሞት ቆጠረው። ሚስቱ ኖርማ ናት ለምና፣ ለምና፣ እስከ ቨርና በር ድረስ ያመጣችው። እሷ ስታንኳኳ እሱ መኪናው ውስጥ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ቀረ።

ቨርና ኖርማን ሰማቻትና በቀጥታ ወደ መኪናው ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች።

«የረስን ጥርስ ያወለቅከው አንተ ነህ አይደል?»

ክላይድ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «እኔ ነኝ» አለ።

«እሱም ባፍንጫህ እስኪሞት ድረስ ሲፎክር ኖረ። በል ግባ፣ ይሄ ጭጋግ ሳል ይጨምርልሃል።»

እንዲህ ሆኖ ተዋወቁ። ቨርና ተክሉን በቅቤ አብስላ፣ ቅቤውን በትንሽ ማሰሮ ትሰጠዋለች። እሱ በተጠበሰ ዳቦ ቀብቶ ይበላል። ያቺ የጓዳዋ ዝርያ ለስላሳ ናት፤ ራስ አታዞርም፣ ሆድ ታረጋለች። ክላይድ መጀመሪያ እንቁላል በላ፣ ቀጥሎ ድንች፣ ከዚያ የኖርማን የፖም ኬክ ጠየቀ። ኖርማ ለቨርና ይህን የነገረቻት እያለቀሰች ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየመጣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ይቀመጣል። ስለ ረስ ያወራሉ። ከሞተ ወዲህ ባሏን ያለ ማጽናኛ ቃል፣ እንደ ሰው አንሥቶ የሚሰድብላት ክላይድ ብቻ እንደነበር ነግራኛለች። ደስ ይላት ነበር።

በዚያው ዓመት የቨርና ልጅ ሜዶው ትዳሯ ፈርሶ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ሜዶው ማለት መስክ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ተራራው ላይ የተወለደ ልጅ ሁሉ ስሙ ወንዝ ወይ ዝናብ ወይ መስክ ነው። እሷ ያኔ ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። በባሕሩ ዳር ቆላ ባለው የአበባ እርሻ፣ በመስተዋት ቤቶቹ ውስጥ የሊሊ አበባ ታሳድግ ነበር። ረጋ ያለች፣ ከመናገሯ በፊት የምታይ ሴት ናት። እንደ አባቷ አትቀልድም፤ እንደ እናቷም አትቆጣም።

ነገሩ የጀመረው በበጋው መጨረሻ ነው። የቨርና ተክሎች አናታቸው ላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች መገርጣት ጀመሩ። ቨርና አየችና ራባቸው አለች። ከእኛ ሱቅ ማዳበሪያ ወሰደች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ወሰደች። እኔ የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚለካ ወረቀት አለ፣ ሞክሪው አልኳት። ረስ በወረቀት ሳይሆን በዓይኑ ነበር የሚያየው ብላ ጠርሙሷን አቅፋ ወጣች።

አንድ ጠዋት ሜዶው ጓዳው ገብታ እናቷ ማዳበሪያ ስትበጠብጥ አገኘቻት። አንዱን ተክል አጎንብሳ ከታች እስከ ላይ አየችው።

«እማ፣ የታችኞቹን እያቸው እስቲ። ጥቁር አረንጓዴ ናቸው።»

«እና?»

«ርቦት ቢሆን ከታች ነበር የሚጀምረው። ተክል ሲርበው ካሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ነው የሚያጎርሰው። ይሄ የገረጣው አዲሱ ነው። ደም ሥሩ አረንጓዴ፣ መሀሉ ቢጫ። ብረት ነው ያጣው።»

«ማዳበሪያው ውስጥ ብረት አለ።»

«አለ፤ አፈሩ አልለቅ ብሎት ነው። የቅርፊቱን ዱቄት ምን ያህል ጨመርሽበት?»

የቅርፊቱ ዱቄት ከባሕረ ሰላጤያችን የሚወጣው፣ ኦይስተር የተባለ የባሕር ፍጡር ቅርፊት ተፈጭቶ ነው፤ እንደ ኖራ ያገለግላል። ረስ ተራራው ላይ ሳለ በጆንያ እያስጫነ መሬቱ ላይ ይበትነው ነበር። ልክ ነበር፤ የዛፎቹ ቅጠል ሲረግፍበት የኖረ፣ ዝናብ ሲያጥበው የኖረ አፈር ኮምጣጣ ነው፣ ኖራ ይፈልጋል። የባልዲው አፈር ግን ከሱቅ ሲመጣ ኖራው ተመጥኖ ገብቶበታል። ቨርና በዚያ ላይ እፍኝ እፍኝ አድርጋ፣ ያውም አድቅቃ ደባለቀችበት። ኖራ ሲበዛ ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊያነሣው አይችልም። ማዕድ ቀርቦለት አፉ እንደተለጎመ ሰው ነው። ሜዶው ይህንን ሁሉ ለእናቷ በቀስታ አስረዳቻት። በአበባው እርሻ እንዲህ ያለ ነገር ደጋግማ ማየቷንም ነገረቻት።

ቨርና አልሰማቻትም። አባትሽ ይሄንን ሲያደርግ አንቺ በደረትሽ ትሳቢ ነበር አለቻት። አሁን ሳስበው፣ ልጇ ተሳስታለች ብላ ያሰበች አይመስለኝም። ረስ ከሞተ ወዲህ በእጇ የቀረው ያ ያስተማራት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ከተነቀለ ሌላውም ይነቀላል ብላ ፈራች።

ማዳበሪያው ቀጠለ። ቅጠሎቹ በመዳን ፈንታ ጫፋቸው ተቃጠለ፣ እንደ ጭልፊት ጥፍር ወደ ታች ታጠፈ። ከላይ የሚወጣው ደግሞ እየነጣ ሄደ። አበባ መያዝ የጀመሩት ተክሎች ባሉበት ቆሙ። ክላይድ በየሳምንቱ ይመጣል፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው የደረቀ ተክል እያለቀ ነው። ቨርና የሚቀጥለው ይደርሳል እያለች ቅቤውን ትሰጠዋለች።

ሜዶው ለመጨረሻ ጊዜ የለመነቻት ያኔ ነው። ሁለቱም እጃቸው ጭቃ እንደነካ፣ በዚያ በሚጮኸው መብራት ሥር ቆመዋል።

«ሁለቱን ብቻ ስጪኝ» አለቻት። «ሥራቸውን ባዲስ አፈር ልትከል፣ ብረትም ልስጣቸው። ሌሎቹን እንደፈለግሽ አድርጊ። ካልዳኑ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም። ለክላይድ እኮ ነው።»

«አባትሽ እዚህ ቢሆን እንዲህ ትከራከሪው ነበር?»

«አባዬ ቢሆን ሁለቱን ይሰጠኝ ነበር። ሲድኑ ደግሞ እኔ ያልኩት ነው ይል ነበር።»

እውነት ነበር። ረስን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ይል ነበር ብሎ ይመሰክራል። ቨርናን የወጋትም እሱ ነው፤ ልጅቷ አባቷን ከእሷ ይበልጥ ያወቀች መሰላት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

«ባልሽንም እንዲህ ስትለኪው ኖረሽ ነው ጥሎሽ የሄደው» አለቻት።

ሜዶው እጇን ታጠበች፣ ፎጣውን ቦታው መለሰች፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። በማግስቱ ልብሷን መኪናዋ ውስጥ ጭና ወደ ሰሜን ነድታ የኦሪገንን ድንበር ተሻገረች። እዚያ ብሩኪንግስ በምትባል ከተማ የሊሊ እርሻ ያላት ጓደኛ ነበረቻት። ቨርና በመስኮት አየቻት። ልሂድና ልያዛት፣ አልኩ ትላለች፤ ግን ደግሞ ትመለሳለች ብዬ ቁጭ አልኩ።

አልተመለሰችም። ተክሎቹም አልዳኑም። ሊደርሱ ሲገባቸው አበባቸው ጣት ጫፍ የማታክል፣ ሲያደርቋት የምትጎመዝዝ ሆነች። ዝናቡ ሲገባ ደግሞ የደከመውን ተክል ሻጋታ ያዘው። ቨርና ከባልዲዎቹ ነቅላ ጓሮ ጣለቻቸው። ሥራቸው ቡናማ ሆኖ ነበር።

ለክላይድ ከሌላ አብቃይ ፈልጋ ገዛችለት። ያገኘችው ግን ወጣቶቹ የሚወዱት ኃይለኛ ዝርያ ነበር። እሷ ከለመደችው መጠን ቀንሳ ብትሠራውም ክላይድን አዞረው፣ ልቡ ደለቀበት፣ መታጠቢያ ቤት ወደቀ። አጥንቱ ባይሰበርም ፍርሃት ገባው። በራስ ላይ ሥልጣን ማጣት ለእንደዚያ ያለ ሰው ከሕመሙ ይብሳል። ከእንግዲህ አልነካውም አለ። ሌላ ለስላሳ አገኛለሁ ብላ ብትለምነውም እንቢ አለ። የአንቺ ከሆነ እበላለሁ፣ የማላውቀውን አልበላም ነው መልሱ። ኖርማም ለመነችው፣ አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ዳቦውም፣ እንቁላሉም ቀረ። ሾርባ ብቻ፣ እሱም የሚረጋበት ቀን ሲገኝ ነው።

ቨርና ልትጠይቀው ቤቱ ስትሄድ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አልጋ ተዘርግቶለት አገኘችው። አንገቱ ቀጥኖ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶበታል። ተክሎቹ ምን ሆኑ ብሎ ጠየቃት። አፈሩ አይረባም ነበር፣ ማዳበሪያውም ተለውጧል፣ ልጄም በመሀል ጥላኝ ሄደች እያለች ዘረዘረችለት። ሳያቋርጥ ሰማት።

«መጋዝ ቤት ሳለን» አለ ስትጨርስ፣ «መጋዙ ሲደንዝ እንጨቱን ነበር የምንሰድበው። ይሄ እንጨት ድንጋይ ነው እንላለን። ቀኑን ሙሉ ሰድበን፣ ሰድበን፣ ኋላ አንዱ ተነሥቶ መጋዙን ይስለዋል።»

ከዚያ ደክሞት ዓይኑን ከደነ። ቨርና ከአልጋው አጠገብ ብዙ ተቀመጠች። ኖርማ ሻይ አምጥታላት ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ክረምቱ ጠንክሮ ሳለ፣ ክላይድ ሞተ። ካንሰሩ ነው የገደለው። ሐኪሙም ብሏል፣ ኖርማም ለቨርና ደጋግማ ነግራታለች፤ ምንም ቢበላ ገናን አይሻገርም ነበር። ቨርናም ይህንን ታውቃለች። እሷን የሚያንገበግባት ግን ሌላ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በዳቦና በቅቤ፣ ሆዱ ረግቶ ሊያሳልፋቸው ይችል ነበር። በባዶ ሆድ እያቅለሸለሸው አሳለፋቸው።

ቀብሩ ላይ የመጋዝ ቤት ሰዎች ሞልተው ነበር። እጃቸው ላይ ጣት የጎደላቸው ሽማግሌዎች ግርግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቨርና ከኋላ ተቀመጠች። አንደኛው የክላይድ ልጅ መጥቶ ጨበጣትና አባቴን በምን ያውቁታል ብሎ ጠየቃት። ክላይድ ለልጆቹ አልነገራቸውም ነበር። ቨርና ጎረቤት ነኝ አለች። ኖርማ ከሩቅ ዓይኗን ጣለችባት፣ ግን አላረመቻትም።

ከቀብሩ በማግስቱ ሱቅ መጣች። ሰላም አላለችኝም።

«ያ ወረቀት አለህ?» አለችኝ።

ከመደርደሪያው አንሥቼ ሰጠኋት። ከአሮጌዎቹ ባልዲዎች አፈር በላስቲክ ይዛ መጥታ ነበር። እዚያው ባንኮኒው ላይ በውሃ በጠበጥነው፣ ወረቀቱን ነከርን። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሄደ፣ መሄድ ከሚገባው እጅግ አልፎ። ኖራው በዝቷል፤ ሜዶው ያለችው ነገር ነው። እኔ ለማጽናናት ብዬ ብዙ ሰው ይሄን ይሳሳታል አልኳት።

«ብዙ ሰው ልጁ እየነገረችው አይሳሳትም» አለችኝ።

ወረቀቱን ጣለችው፣ ላስቲኩን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ወጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? ከዚያን ቀን በኋላ የቨርና ነገር ሁሉ እንደዚያ ሆነ።

ሜዶው ጋ ደወለች። አልተነሣላትም። ደጋግማ ደወለች። በመጨረሻ ሜዶው ስታነሣ ቨርና ልትል ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባትና ስለ አፈሩ ነገረቻት። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ አለቻት። ሜዶው እንደ ሥራ ባልደረባ መለሰችላት፤ ያን አፈር ጣይው፣ አዲሱ ላይ ቅርፊት አትጨምሪ፣ ማዳበሪያውን ቀጭን አድርጊው። ቨርና ክላይድ ሞተ አለቻት። ሜዶው እያለቀሰች መሆኑን ያወቀችው ከትንፋሿ ነው። ከዚያ፣ ሥራ አለኝ ብላ ዘጋችው።

ቨርና እንደተባለችው አደረገች። በጸደይ ጓዳው እንደገና ለመለመ። ሄጄ አይቻለሁ። ከታች እስከ አናቱ አንድ ዓይነት አረንጓዴ፣ ቅጠሉ እንደ ተከፈተ እጅ ወደ መብራቱ የተዘረጋ። ከእሷ ጓዳ ያን የሚያህል ጤነኛ ተክል አይቼ አላውቅም። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች እንጂ አትገባም። ለማን ብዬ ነው ትለኛለች። ሌሎቹ በሽተኞቿ ያን ጊዜ ሌላ አብቃይ ይዘው ነበር፤ ማንም አልወቀሳትም፣ ማንም ግን አልተመለሰም።

ሜዶው በጸደዩ ማብቂያ አንዴ መጣች። ቨርና ወጥ ቤት አስቀምጣት፣ ራሷ ሳትቀመጥ፣ ቆማ ነው የተናገረችው። ስለ ባልሽ ያልኩሽ ነገር ውሸት ነበር፣ እንደሚጎዳሽ አውቄ ነው የመረጥኩት አለቻት። ይህን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል፣ ቃሉ አንድ ነው።

«ሰማሁሽ፣ እማ» አለች ሜዶው።

ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ቨርናም አልጠየቀቻትም። አብረው እራት በሉ። ሜዶው ጓዳው ገብታ ተክሎቹን አየች፣ ጥሩ ናቸው አለች። በማግስቱ ወደ ብሩኪንግስ ተመለሰች። አሁን ሊሊውን ከጓደኛዋ ጋር በጋራ ይዘውታል፤ ሌላ ሰውም አግብታለች። ቨርና ሠርጉ ላይ ነበረች። እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ቨርና ጉልበት ሕመም ያወራሉ። የክላይድ ስም አይነሣም።

ያን የጸደይ ምርት ቨርና አድርቃ ለኖርማ ወሰደችላት፤ ኖርማ መገጣጠሚያዋን ያማታል። ኖርማ ተቀበለቻት፣ ሻይ አፈላችላት። ቨርና ይህ ባለፈው ጥቅምት መድረስ ነበረበት ልትል አፏን ስትከፍት፣ ኖርማ እጇን ያዘችና «ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል» አለቻት። ያን ቀን ጠጣችው። ከዚያ በኋላ መብራቶቹን ለእኛ ሱቅ ሸጠች፣ ጓዳውንም ለተማሪ አከራየች።